በሩን የከፈተችው

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ከሁለት ሰው አይበልጡም። ሌላው ሁሉ «እትዬ ቀስ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት፣ ወረቀት ታቅፈው ደረጃውን የሚሮጡትን ወጣቶች ባየች ቁጥር «ቀስ፣ ቀስ» ስለምትል ነው። ማሽኒስቱ ደግሞ ነገሩን ቀልድ አድርጎት፣ ማሽኑ ወረቀት በበላ ቁጥር «እትዬ ቀስን ጥሩልኝና ትቆጣልኝ» ይላል። እሷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች። ነገር መመለስ አልለመደባትም።

ሥራዋ አራሚነት ነው። መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛዋ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ነው። ላይዋ ላይ ሁለት ቀይ እስክሪብቶ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ማስመሪያ፣ አንድ የእጅ አጉሊ መነጽርና የምሳ ዕቃዋ ይቀመጣሉ። ከጎኗ የወረቀት መቁረጫው ማሽን አለ፤ ስለቱ በወረደ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት እንደ ንብ እም ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ስለሰማችው በዕረፍት ቀኗ ራሷን የሚያማት ጸጥታው ነው።

ትምህርቷ ብዙ አይደለም። አባቷ አልጋ ሲይዝ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ነው የወጣችው። ከብዙ ዓመት በኋላ ማተሚያ ቤቱ የገባችውም ወረቀት ልታጥፍ ነበር። አንድ ቀን ሽፋን ስታጥፍ ከመጽሐፉ ርዕስ ላይ አንድ ፊደል መጉደሉን አየች። ለመናገር ስላፈረች ሽፋኑን ይዛ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመች፤ ለምሳ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ቆማ፣ ሲወጣ ምንም ሳትናገር በጣቷ አሳየችው። በዚያው ሳምንት ከማጠፊያው ወደ ማረሚያው ተዛወረች።

የምታርምበት የራሷ መንገድ ነበራት። ማንኛውንም ፕሩፍ፣ ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚወጣውን ወረቀት፣ ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ መጀመሪያ ከኋላ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ እንደ ሰው። ከኋላ ስትጀምር ከመጨረሻው ገጽ መጨረሻ መስመር ተነስታ፣ በማስመሪያዋ መስመር በመስመር ወደ ላይ ትወጣለች። ታሪኩ ዓይኗን ይዞ እንዳይሮጥ ነው እንዲህ የምታደርገው። ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ የመጽሐፍ ሰዎችን በቀብራቸው ቀን ትተዋወቃቸውና በልደታቸው ቀን ትለያቸዋለች፤ ማን ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ሌላም ሕግ ነበራት። የደራሲውን ሐሳብ አትነካም። «እንዴት አገኙት?» ብሎ የሚጠይቃት ደራሲ ቢኖር «ፊደሉ ጸድቷል» ብላ ወረቀቱን ትመልስለታለች። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከዚህ የዘለለ ነገር ከአፏ አልወጣም።

ያላገባችና ያልወለደች ብትሆንም ብቸኛ አልነበረችም፤ አንዲት ባልንጀራ ነበረቻት። ባልንጀራዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከማተሚያ ቤቱ ሦስት መንገድ አልፎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አላት። ቅዳሜ ከሰዓት አራሚዋ እዚያ ትሄዳለች፤ አንዷ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች፣ እየተሳሳቁ ይመሻል። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር አይዘጋም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ነፋስ ቢነፍስ፣ በአሮጌ የከሰል ካውያ ተደግፎ ወለል እንዳለ ይውላል። «በረደን» የሚላት ደንበኛ ካለ «እንግዲያው ወፍራም ኮት ልስፋልዎት» ትለዋለች። ሊፍት ውስጥ አትገባም። ሽንት ቤት እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው፤ ልጇ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየዘፈነ በር መጠበቅ ሥራው ነበር።

ምክንያቱን አትደብቅም። አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ ገና አዲስ በገባችበት ትምህርት ቤት፣ የክፍል ልጆች ሊቀልዱባት ብለው በደረጃው ሥር ካለው የካርታ ክፍል ውስጥ ቆልፈውባታል። መስኮት የሌለው፣ የተጠቀለሉ ካርታዎች የታጨቁበት፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ክፍል ነበር። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ጩኸቷን ሰምታ፣ ቁልፉን ከዘበኛው ለምና አምጥታ በሩን ከፈተችላት። «ያቺ ልጅ ይቺ ናት» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ በመርፌዋ ወደ አራሚዋ እያመለከተች። «እሷ ባትደርስልኝ ኖሮ እብድ ሆኜ ነበር የምወጣው።» ይህን ያልሰማ ደንበኛ የለም። አራሚዋ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ክር የጠፋባት ይመስል ወለሉን ታያለች። ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። የቆለፈችው ራሷ አራሚዋ ናት። የክፍል አለቃ ስለነበረች የካርታ ክፍሉን ቁልፍ መምህሩ ለእሷ ነበር የሚሰጣት። «ምንም አልፈራም» የምትለውን አዲሷን ልጅ እንፈትናት ብለው ሦስት ሆነው መከሩ፤ «መምህሩ ትልቁን ካርታ አምጪ ብሎሻል» ብለው ላኳት፤ እሷ ቁልፉን አዞረች። እስከ መቶ ቆጥረን እንከፍታለን ነበር ሐሳባቸው። መቶ ሳይሞላ በደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሰሙና ሁለቱ ሮጡ። እሷ ቀረች። ብትከፍት ልጅቷ ትከሳታለች፣ አለቃነቷም ይቀራል፣ አባቷም ይሰማል። እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቁልፉን እንደጨበጠች አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ እዚያው ቆመች። ከውስጥ ድምፁ ሲጠፋ ጊዜ ደነገጠችና ከፈተች። ልጅቷ ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ «እግዜር ነው የላከሽ» አለቻት። ያን ጊዜ ነው ስለ ዘበኛው የዋሸችው። ባልንጀርነታቸው ከዚያ እቅፍ ጀመረ፤ አርባ ሰባት ዓመት ሆነው።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ በስተርጅና የመጣ አንድያ ልጅ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ አራሚዋን «አክስቴ» ይላታል። ሀያ አራት ዓመት ሲሞላው ለወጣቶች የሚሆን አስፈሪ ልቦለድ ጻፈና፣ ያው ወደ አክስቱ ማተሚያ ቤት አመጣው። «እማዬ ከአንቺ ሌላ እጅ እንዳይነካው ብላለች» አላት። ቀጥሎም እየሳቀ፣ ውስጡ ለእሷ የሚሆን ስጦታ እንዳለ ነገራት።

አራሚዋ እንደ ልማዷ ከኋላ ጀመረች። ፕሩፉን በአራት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች አነበበችው። በመጀመሪያው ንባብ «መንፈስ» የሚለው ቃል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ እንደተጻፈ፣ «ደም» ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ጊዜ እንደፈሰሰ ብቻ ነው ያወቀችው። ሁለተኛውን ንባብ ስትጀምር ግን ስጦታው ምን እንደሆነ ገባት።

ታሪኩ ስለ አራት ተማሪዎች ነው። በቀልድ ላይ ቀልድ ይሠራሉ፤ የመምህር ወንበር ላይ ሙጫ ያፈሳሉ፣ የሰው ቦርሳ ውስጥ እንቁራሪት ይከታሉ፣ በመጨረሻ አንዲት አዲስ ልጅ በካርታ ክፍል ውስጥ ይቆልፋሉ። አንዲት ደግ ልጅ ቁልፉን ከዘበኛው ክፍል አምጥታ ብትከፍትም ትዘገያለች፤ ልጅቷ ሞታለች። ከዚያ በኋላ መንፈሷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ አራቱን በየተራ ትበቀላቸዋለች። ደግዋን ልጅ ግን አትነካትም፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጸጉሯን ዳብሳላት ትሄዳለች።

አራሚዋ አስፈሪ መጽሐፍ አንባቢ አይደለችም። ቢሆንም መጽሐፉ እንደማያስፈራ አልጠፋትም። መንፈሷ በየምዕራፉ ከመምጣቷ የተነሳ ሰው ወንበር ሊስብላት ምንም አይቀረው። በሩ ይንቋቋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ነፋሱ ያፏጫል፤ ሁልጊዜ በዚሁ ተራ። የተቆለፈባት ልጅ ደግሞ ከመሞቷ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተናገረችም። አራሚዋ ከዚህ ገጽ ላይ ረጅም ጊዜ ዓይኗን አላነሳችም። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነውና ፊደሉን አጽድታ ወረቀቱን መለሰች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ልጁ ፕሩፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ደረጃውን እየሮጠ መጣ።

«አክስቴ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ የለወጥሽው ነገር አለ።»

«እኔ ፊደል ነው የማየው» አለችው።

«ፊደል አይደለም። እኔ ‹ቁልፉን ከዘበኛው ክፍል አምጥታ ከፈተችው› ነው ያልኩት። አንቺ ሰርዘሽ ‹ከኪሷ አውጥታ› ብለሻል። ተመልከቺው።»

ተመለከተችው። የራሷ ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ቀይ። መቼ እንደጻፈችው አታስታውስም። ከኋላ ወደ ፊት ስታነብ መሆን አለበት፤ ታሪኩ ሳይገባት፣ መስመሩ ብቻውን በማስመሪያዋ ላይ ቆሞ፣ እጇ ስህተት ያየ መስሎት አርሞታል፤ ሁለተኛ ስታነበውም ዓይኗ እንደ ትክክል አልፎታል።

ልጁ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ ደክሟት ነው ብሎ እንዳለፈው ነገራት። በኋላ ሲያስበው ግን እንቅልፍ ነሳው።

«ቁልፉ ከኪሷ ከወጣ እኮ የቆለፈችው ራሷ ናት ማለት ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደግዋ ልጅ። መንፈሷ ጸጉሯን የምትዳብስላት። አክስቴ፣ ሲጎድለኝ የነበረው ይሄ ነው። ለሦስት ጓደኞቼ ሰጥቼ ሦስቱም ‹አያስፈራም› ነው ያሉኝ። አሁን ያስፈራል።»

«የእኔ ስህተት ነው» አለች። «እንደነበረ መልሰው።»

«ስህተትም ከሆነ እንዲህ ያለውን ስህተት ጨምሪልኝ። ነገ ለእማዬ አነብላታለሁ፤ ከወንበሯ ነው የምትነሳው።»

ልጁ የሚጽፈውን ሁሉ እናቱ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንደሚያነብላት ታውቃለች። እሱ እየተደሰተ ሄደ። እሷ አንድ ሌላ ወረቀት ስባ ብታይ ፊደሎቹ አልያዝ አሏት። መቁረጫው ሦስት ጊዜ ወረደ። ከዚያ ተነስታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደችና የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ሰውየው ሰው የሞተባት መስሎት ከወንበሩ ብድግ አለ።

ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋች ነበር። በበሩ ስትገባ ስታያት «ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለች። «ከሁለታችን የጃጀችው ማን ናት?»

አራሚዋ አልተቀመጠችም። ያን ጊዜ ሽፋኑን ይዛ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ እንዳደረገችው፣ ቆማ ነው የነገረቻት፤ ስለ መቶው ቆጠራ፣ ስለ ኮቴው፣ ዘበኛው በዚያ ቀን ጭራሽ እንዳልነበረ፣ ቁልፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማን ኪስ እንደነበረ፣ እጇም በልጁ ፕሩፍ ላይ ምን እንደጻፈ። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ይቅርታ መለመኛ መስሎ ተሰማት። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሳ፣ ሳትረግጥም አዳመጠቻት።

መሐል ላይ አንድ ሰው ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ሱሪውን ከማንጠልጠያ አወረደች፣ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችው፣ አጥፋ በወረቀት ጠቀለለችለት፣ «በጤና ይልበሱት» አለችው። ሰውየው እስኪርቅ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ልጄ ለዚህ መጽሐፍ ሦስት ዓመት ለፍቷል» አለች። «ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንዳትነግሪው።»

«እሺ።»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለችውንም ደግ ልጅ አትንኪያት። እንዳለች ትቆይ። እኔ አርባ ሰባት ዓመት የወደድኩት እሷን ነው። አንቺን ገና ዛሬ አየሁሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ሸሚዙን ወደ ራሷ ሳበች።

«አሁን ሂጂልኝ፤ ኮሌታውን ልጨርስ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣ። እናቱ እምቢ ብላዋለች። ስታደምጠው ቆይታ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ «ደግዋን ልጅ ደግ አድርገህ ተዋት፤ አለበለዚያ መጽሐፍህን አላይልህም» ብላዋለች። ለምን ቢላት መልስ የለም። ተቆጥታ የማታውቅ ሴት እንዲህ ስትል መከራከሩን አልደፈረም። ተስፋ ያደረገው አክስቱ ከጎኑ እንድትቆም ነበር።

«አንቺ ንገሪያት፤ ከሰው ሁሉ የምትሰማው አንቺን ነው። የቱ ይሻላል? እውነቱን ንገሪኝ።»

ሠላሳ አራት ዓመት ጠይቀዋት ያልመለሰችው ጥያቄ ነበር። መልሱን ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች። ከኪሷ የወጣው ቁልፍ መጽሐፉን ያድነዋል፤ ይህ ልጅ በላቡ የሠራው ነገር ሰው የሚያስታውሰው ነገር ይሆናል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው።

«እናትህ እንዳለችው ይሁን» አለችው።

ፕሩፉን ተቀብላ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን አወጣች። በሙያው፣ ያለአግባብ የተሰረዘ ነገር እንዲመለስ ከሥሩ ነጠብጣብ ይደረግና ዳር ላይ «ይቆይ» ተብሎ ይጻፋል። በሰው ጽሑፍ ላይ የሠራችውን ስህተት በዚህ ምልክት ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነው። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ፣ ከዘበኛው ክፍል ሥር ደረደረቻቸው። «ይቆይ» ብላ ጻፈች። ልጁ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አያትና ወረቀቱን ይዞ ደረጃውን በዝግታ ወረደ።

መጽሐፉ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ከበር ሥንጥቅ የሚወጣ እጅ አለ፤ ጥፍሩ ከጣቱ ይረዝማል። ማሽኒስቱ አንዱን ቅጂ አንስቶ «እትዬ ቀስ፣ ይሄ እጅ ጥፍር መቁረጫ ይታዘዝለት» አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ አንባቢ በጋዜጣ ላይ ስለ መጽሐፉ ጻፈ። መንፈሷ በጣም ስለምትመላለስ መፍራታችንን ትተን እንለምዳታለን፣ ይላል። ደግዋ ልጅ ከልክ በላይ ደግ ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው ስለሌለ ማንም አያምናትም፣ ይላል። መጽሐፉ የሆነ ነገር ሊነግረን ጀምሮ የተወው ይመስላል፤ ተስፋ አድርጌ ጀምሬ ቅር ብሎኝ ጨረስኩት፣ ይላል። አራሚዋ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘችበትም።

ልጁ ለሁለተኛ መጽሐፍ የያዘውን ደብተር መሳቢያ ውስጥ እንደከተተው ሰማች። ይህ ከሁሉ ይልቅ ከበዳት። የእናቲቱ ቁስል የድሮ ነው፤ ይሄ ግን ትናንት በእጇ የጻፈችው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን አልተወችም፤ መድረሱን ነው እንጂ። ቀሚሷን ተኩሳ፣ መቀሷን በቦርሳዋ ይዛ፣ እስከ መንገዱ ማዕዘን ትሄዳለች። ከዚያ ሆና የተከፈተውን በር ታየዋለች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማታል። አንድም ሰው አትግቢ አላላትም። ዞር ትልና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰባት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ።

በስምንተኛው ሳምንት ልጁ ለሌላ ጉዳይ ማተሚያ ቤቱ መጥቶ ጠረጴዛዋ ጋ ቆመ።

«እማዬ ቅዳሜ ነይ ብላለች። የምትጠይቅሽ ነገር አለ።» ትንሽ ቆየና «ተጣልታችኋል እንዴ?» አላት።

«እኔ ነኝ ያስቀየምኳት» አለች አራሚዋ።

ቅዳሜ ዕለት ከማዕዘኑ አልተመለሰችም። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ መኪናውን በጨርቅ ሸፍና፣ ሁለት እጆቿን ጨርቁ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ከስታለች። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እንደ ሩቅ ሰው፣ ስለ ጤና ብቻ።

«ስምንት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ነው የማስበው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ያን ጊዜ ውስጥ ሆኜ ‹ሰው የለም?› እያልኩ ስጣራ፣ በሩ ጋ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። እጄን ብዘረጋ በሩን እነካዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ ተጣራሁ?»

አራሚዋ ለማሰብ አላስፈለጋትም። «አሥራ አንድ ጊዜ። ሰባተኛው ላይ ድምፅሽ ተለወጠ። ከአሥራ አንደኛው በኋላ ዝም አልሽ። ያን ጊዜ ነው የከፈትኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በሆዷ የምትቆጥር ትመስል ነበር። ከውጭ የልጆች ጫጫታ መጥቶ አለፈ።

«እኔ አልቆጠርኩም ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔን ያሳበደኝ ጨለማው መስሎሻል? ጨለማው አይደለም። በዓለም ላይ ሰው ያለቀ መስሎኝ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት በሕልሜ የማየው እሱን ነው። በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፤ ማንም የለም።»

«እኔ ነበርኩ።»

«አንቺ ነበርሽ። እየሰማሽኝ።» ይህ የሚሻል ይሁን የሚብስ ለራሷም ገና ያልለየላት ትመስላለች። ባልንጀራዋን ለረጅም ጊዜ፣ አዲስ ደንበኛ ለልክ እንደሚታይ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ሌላም የምጠይቅሽ ብዙ አለ» አለች። «ዛሬ አልችልም።»

«በፈለግሽው ቀን ጠይቂኝ። የማስታውሰውን አልደብቅሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ከመኪናው ላይ ገፈፈች። ሂጂ አላለቻትም፤ ተቀመጪም አላለቻትም። አራሚዋ ጥቂት ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ያለችውን ዱካ፣ የቅዳሜ መቀመጫዋን፣ ቀስ ብላ ሳበችና ተቀመጠች።